ማኅቶት ወደ ኋላ አታይም

መርዶው የደረሳት በሥራ ትእዛዝ ነው።

ሚልካ ጠዋት የመንጋጋዋን ጠርዝ በቅባት እያሸች ሳለ የክፍሏ ግድግዳ በራ። ትእዛዙ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ በአጭሩ ተጽፏል። ገጽ፦ ማኅቶት። ዝግጅት፦ ለቅሶ። ቦታ፦ አዳማ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ። ሟች፦ አቶ ሮቤል አስናቀ፣ ትጥቅ ሠሪ። ከሥር ሁለት ምርጫ ነበር፤ «እቀበላለሁ» እና «ለሌላ ይተላለፍ»።

ቅባቱን ከጣቷ በፎጣ ጠረገች። ፎጣውን አጣጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ ስሙን እንደገና አነበበች።

በአዳማ ሰው ሲሞት መርዶ ነጋሪዎች አሁንም ማለዳ መጥተው በር ያንኳኳሉ። ቀስ ብለው ይገባሉ፣ ባለቤቱን ያስቀምጣሉ፣ ሌላ ሌላውን ያወራሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። የሚልካን በር ግን ማንም ሊያንኳኳ አይችልም። ገጹ ከተለጠፈባት ቀን ጀምሮ የት እንደምታድር ለዘመድም ለጎረቤትም መንገርን ከቀጠራት ድርጅት ጋር የፈረመችው ውል ይከለክላል። ስልኳም ድርጅቱ ዘንድ ነው። ስለዚህ ጋሽ ሮቤል የሞቱት ታመው ይሁን በድንገት አላወቀችም። ትእዛዙ «ለቅሶ» ስለሚል፣ ተቀብረዋል ማለት ነው ብላ አሰበች።

ሥራው ድሮ ኮስፕሌይ ይባል ነበር። አልፎ አልፎ አዳራሽ ተከራይቶ፣ የወደዱትን ገጸ ባሕርይ ለብሶ ፎቶ መነሣት ነበር ይላሉ ትልልቆቹ። አሁን ለባሾች ይባላሉ፤ ግብር ይከፍላሉ፣ ማኅበር አላቸው። ልደት ይጠራሉ፣ ምርቃት ይጠራሉ፣ ሽማግሌ ሲላክ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ይቆማሉ፣ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ይቀመጣሉ። ለቅሶ የተጨመረው ዘግይቶ ነው። ሟቹ በሕይወቱ ይወደው የነበረ ገጽ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ካልተቀመጠ፣ ልጆቹ አባታቸውን በወጉ የቀበሩ አይመስላቸውም።

ገጹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። የሚለጠፈው ተከታታይ ፊልሙ አዲስ ምዕራፍ ሲጀምር ነው፤ ምዕራፉ እስኪያልቅ አይነሣም። ሚልካ ትበላበታለች፣ ትተኛበታለች፣ ትታጠብበታለች። መንገድ ላይ የሚያያት ሰው የሚያየው ማኅቶትን ነው። ማኅቶት የሰጠመች ከተማ ጠባቂ ናት፤ ፋኖስ ይዛ በውኃው ዳር ትመላለሳለች። አታለቅስም። ሰው ፊት አትበላም። ከተቀመጠች የምትነሣው ለመሄድ ብቻ ነው፤ ከሄደች ደግሞ ወደ ኋላ አታይም።

ለባሹ ከገጹ ሥር ብቅ ካለ ስንጥቅ ይባላል። ሚልካ ሁለት ስንጥቅ ተመዝግቦባታል። የመጀመሪያው ልደት ቤት ነው፤ ሕፃን ከደረጃ ላይ ሲወድቅ «እኔን!» ብላ ጮኸች። ሁለተኛው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሲያዛጋት አፏን በእጇ ሸፈነች። ማኅቶት አታዛጋም። ሦስተኛ ከተጨመረ ገጹ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የማንንም ገጽ መልበስ አትችልም። ሌላ ሥራ ደግሞ ሠርታ አታውቅም። እናቷ ስትሞት ያስጠጓት ጋሽ ሮቤልና ባለቤታቸው እትዬ ሊዲያ ናቸው። እነሱ ቤት አደገች። ትጥቁን የሠሩላት፣ እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚተነፈስ፣ እንዴት ሳይዞሩ ጎንን ማየት እንደሚቻል ያስተማሯት ጋሽ ሮቤል ናቸው።

«ለሌላ ይተላለፍ» ብትል አዳማ ውስጥ ሌሎች ሁለት ማኅቶቶች አሉ፤ ከሁለቱ አንዷ ትሄዳለች። ማኅቶት ለቅሶ ትደርሳለች፤ ሚልካ አትደርስም። ራሷን ሆና መሄድ አትችልም፤ ምዕራፉ እስኪያልቅ የራሷ ፊት የላትም።

«እቀበላለሁ» የሚለውን ነካች።

ሊወስዳት የመጣው መኪና ውስጥ ስንጥቅ የሚመዘግቡት ታዛቢ ቀድመው ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ ፍርያት ይባላሉ። ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው፤ ቀድሞ አስተማሪ ነበሩ ይባላል። ለለቅሶው ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። መነጽራቸውን በነጠላው ጫፍ ወለወሉና አጠለቁት። ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ በራች፤ መቅረጽ ጀምሯል።

«ለቅሶ ከባድ ነው» አሉ። «ሰው ሲያለቅስ ሰው ያለቅሳል። ተፈጥሮ ነው።»

ሚልካ ፋኖሱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ሟቹን ታውቂያቸዋለሽ?»

ጥያቄው ወጥመድ ነው። ገጽ ለብሳ ሳለ ለሚልካ የቀረበን ጥያቄ መመለስ ራሱ ስንጥቅ ነው። ሚልካ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ የሱቆቹን ሸራ ይመታል።

«ጎበዝ» አሉ ወይዘሮ ፍርያት።

የእድሩ ድንኳን መንገዱን ግማሽ ይዟል። ማኅቶት ስትገባ ወሬው ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ቀጠለ። የጋሽ ሮቤል ልጅ ሶልያና ወደ መሐል ወስዳ ከሴቶቹ ጋር አስቀመጠቻት። እትዬ ሊዲያ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበውታል። ቀና ብለው ማኅቶትን አዩ፤ የማያውቁትን እንግዳ እንደሚያዩ ሁሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አመሰገኑ። ከዚያ ወደ መሬት ተመለሱ።

ወይዘሮ ፍርያት ፊት ለፊት ካለው ረድፍ ወንበር ያዙ።

አንዲት ጎረቤት ንፍሮ በሳህን ይዛ መጣች።

«ቅመሺለት እንጂ፣ ለነፍሱ ነው።»

«ተያት አንቺ» አለች አጠገቧ ያለችው ወፍራም ሴት። «እሷ ሰው ፊት አትበላም። ቤቷ ስትገባ ነው ድስቱን የምትገለብጠው።»

«ከውስጥ ሰው ናት እኮ።»

«ሰው ብትሆን ኖሮ በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ ይዛ ለቅሶ ትመጣለች?»

ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ፤ እትዬ ሊዲያን አየት አድርገው ሳቃቸውን ዋጡ። ሚልካ እንደ ተማረችው በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ተነፈሰች። ከሶልያና ኋላ፣ የጋሽ ሮቤል ፎቶ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ፎቶው ላይ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ነው። ዓይኗን ከፎቶው በላይ ባለው የድንኳኑ ስፌት ላይ አሳረፈች፤ ማኅቶት ሰው ላይ አታፈጥም።

«ያቺ ለባሿስ መጣች?» አለች ንፍሮ ያመጣችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የቷ?»

«ሚልካ ናታ፣ እነሱ ያሳደጓት።»

«የት መጥታ! ቀብርም አልነበረችም። ሶልያና ስልኳ ላይ ብትደውል ብትደውል አይነሣም።»

«እንዲህ ነው መቼም። የሰው ልጅ አሳድገህ ምን ታገኛለህ?»

«ዝነኛ ሆናለች አሉ። እኛን ምን ታደርገናለች?»

እትዬ ሊዲያ ከጥጋቸው ሆነው ሰምተዋል። «ተዉኝ እስቲ» አሉ። ድምፃቸው ለቅሶ ያደከመው ነው። «አልሰማች ይሆናል። ብትሰማ ኖሮ ትመጣ ነበር። መንገድ ላይ ትሆናለች።»

«የት አገር መንገድ፣ እትዬ?» አለች ወፍራሟ። «ከጨረቃ ነው የምትመጣው?»

ማንም አልሳቀም። ሚልካ ቀኝ እጇን ፋኖሱ ላይ አጥብቃ ያዘች። እጅ ማጥበቅ ስንጥቅ አይደለም። የወይዘሮ ፍርያት መነጽር ግን ወደ እጇ ሲያዘነብል አየች።

በዚህ መሐል የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ኪሩቤል ገቡ። በዕድሜ የሰፈሩ ትልቁ ሰው ናቸው፤ ሁለቱም ጉልበታቸው ብረት ስለሆነ ሲራመዱ ይንቋቋል። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አንድ ላይ «ኖር!» ብሎ ተነሣ።

ሚልካም ተነሣች።

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጉልበቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ወንበሩን ለቅቆ ነበር። ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ማለትን ገላዋ አያውቀውም፤ እትዬ ሊዲያ ገና በልጅነቷ አስተምረዋታል። ማኅቶት ግን ለማንም አትነሣም። ጋሽ ኪሩቤል «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» እያሉ እጃቸውን ሲያወዛውዙ፣ ሚልካ በግማሽ ቁመት ላይ ነበረች፤ ቀይዋ ነጥብ ፊት ለፊቷ ነበረች።

ብትቀመጥ ስንጥቅ ነው። ለሽማግሌ የተነሣችው ሚልካ ናት ማለት ነው። የቀራት አንድ መንገድ ብቻ ነው። ማኅቶት የምትነሣው ለመሄድ ነው።

ቀጥ ብላ ቆመች። ፋኖሱን አነሣች። «ውኃው ይጠብቀኛል» አለች፣ በማኅቶት ድምፅ። ቀጠሮው ገና ግማሹ ነው፤ በመጨረሻ ወደ ሐዘንተኛዋ ቀርባ ፋኖሱን ፊታቸው ማስቀመጥ ነበረባት። ሚልካ ያንን ስትጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ ለአንድ አፍታ ከእትዬ ሊዲያ ፊት ትንበረከክ ነበር፤ በገጹም ቢሆን። አሁን ያ የለም። በወንበሮቹ መሐል ወደ መውጫው ተራመደች። ሶልያና «ይኸው ነው? አለቀ?» ስትል ሰማች።

እስካሁን ሰዉ ያየው ፊቷን ነው። ስትሄድ ጀርባዋ ታየ።

የማኅቶት ትጥቅ ጀርባው ላይ በጠፍር ይታሰራል። ጋሽ ሮቤል ብረቱንና ቆዳውን ይሠራሉ፤ የውስጡን ጥጥና የጀርባውን ስፌት የሚሰፉት እትዬ ሊዲያ ናቸው። ሚልካ ልጅ ሳለች ወድቃ የግራ ትከሻ አጥንቷ ተሰብሮ ያለ ወጉ ስለ ገጠመ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። እትዬ ሊዲያ ያንን ለመደበቅ በግራ በኩል ስፌቱን በሰያፍ አስኪደውታል። እንደዚያ ያለ ጀርባ ሌላ ማንም የለውም።

«ሚልካ!»

ድምፁ ከእትዬ ሊዲያ ጥግ መጣ።

«ሚልካ! አንቺ ነሽ?»

ዞረች።

መጀመሪያ ዓይኗ፣ ከዚያ አንገቷ፣ ከዚያ ትከሻዋ። እትዬ ሊዲያ ፍራሹን በአንድ እጃቸው ተደግፈው ለመነሣት እየሞከሩ ነበር። ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቋል። ሚልካ አየቻቸው፣ እሳቸውም አዩዋት። ገጹ የዕንባ መውጫ የለውም፤ ማኅቶት ስለማታለቅስ ሠሪዎቹ አላስፈለጋቸውም። ዕንባው ከገጹ ሥር ወረደ። ጉንጯ ላይ ትንሽ ትንሽ አበጠ፣ ወደ መንጋጋዋ ተንሸራተተ፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ጠብ አለ።

«የኔ ልጅ ናት» አሉ እትዬ ሊዲያ። «የኔው ልጅ ናት እኮ!»

«ኧረ እትዬ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያደርግዎ» አለች ወፍራሟ ሴት፣ ክንዳቸውን ይዛ። «ማኅቶት ናት፣ ይቀመጡ።»

ሚልካ አፏን ከፈተች። እግዚአብሔር ያጽናዎት ማለት ነበረባት፤ ማንም መንገደኛ የሚለው ቃል ነው። ወይዘሮ ፍርያት ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን አጣምረው ይመለከቷታል። ሚልካ አፏን ገጠመች። ፊቷን መለሰች። ወጣች።

መኪናው ውስጥ ወይዘሮ ፍርያት መነጽራቸውን ወለወሉ።

«ዞርሽ» አሉ። ክፋት የለበትም ድምፃቸው። «እኔ ያየሁትን ነው የማቀርበው። አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

ከዚያ በኋላ ትእዛዝ አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ቅባቷን እየተቀባች ግድግዳውን ታያለች። ግድግዳው ጨለማ ነው። ምግብ ስታኝክ ገጹ ከጉንጯ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ከእንግዲህ የማን እንደሆነ አላወቀችም። ገጹን ሊያነሡ ይመጣሉ ብላ የክፍሏን ዕቃ በሁለት ሻንጣ ሰብስባ በሩ አጠገብ አቆመች። አንድ ጠዋት ግድግዳው በራ። ገጽ፦ ማኅቶት። ዝግጅት፦ ሥልጠና። ቦታ፦ ቢሾፍቱ።

አዳራሹ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ነው። ሚልካ ስትገባ ሁሉም እሷን ይመስሉ ነበር። ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ፣ ከባሕር ዳር፣ ከጅማ የመጡ ማኅቶቶች በረድፍ ቆመው አንገታቸውን ያሻሉ። በሥልጠና አዳራሽ ውስጥ በራስ ድምፅ መናገር ይፈቀዳል፤ አንድ ዓይነት ፊቶች በልዩ ልዩ ድምፅ ይንጫጫሉ። እያንዳንዷ ደረቷ ላይ ቁጥር ተለጥፎላታል። ሚልካ ሰባት ሆነች።

«የየት ነሽ?» አለቻት ስምንት ቁጥር።

«የአዳማ።»

«እኔ የዲላ ነኝ። ይቺ መዞሯን ለምደሻታል? እኔስ አንገቴ ሊገነጠል ነው።»

«የምን መዞር?»

«ውይ፣ አላየሽም? አገሩ ሁሉ ያለቀሰባትን!» ስምንት ቁጥር ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ጠቆመች። ግድግዳው ላይ ድንኳን አለ። ማኅቶት ፋኖስ ይዛ ትሄዳለች። ዓይኗ ይዞራል፣ አንገቷ ይዞራል፣ ትከሻዋ ይዞራል። ጉንጯ ሥር የሆነ ነገር ይንሸራተታል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ማን ናት የጀመረችው?» አለች ከኋላ አንዲት።

«ሰው አይደለችም አሉ» አለች ስምንት ቁጥር። «ማሽን ነው የሠራው። ሰው እንዲህ አያለቅስም።»

ሚልካ ወይዘሮ ፍርያትን ጥግ ላይ አገኘቻቸው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። «ስንጥቅ አይደለም ተባለ። የድሮዎቹም ተሰርዘውልሻል። ባለገጾቹ፣ ፊልሙን የሚሠሩት፣ በጣም ነው የወደዱት። አዲሱ ምዕራፍ ውስጥ ገብቷል፤ ለዕንባውም መውረጃ ያለው ገጽ እየተሠራ ነው። ማኅቶት ከእንግዲህ ስትጠራ ትዞራለች።»

«ማን ብለው ሲጠሯት?»

ወይዘሮ ፍርያት መነጽራቸውን አወለቁ። «ከተማዋ ሳትሰጥም በፊት የልጅነት ስም ነበራት። ተረስቶ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ታስታውሰዋለች። ሚልካ ይላል።»

«እሱ የኔ ስም ነው።»

«የተጠራው ገጹን ለብሰሽ ሳለ ነው። ውሉን ታውቂዋለሽ፤ በገጹ ውስጥ ሳለሽ የሆነው ሁሉ የባለገጹ ነው። መታወቂያሽ ላይ ይኖራል፤ ማንም አይነካብሽም። አደባባይ ላይ ግን እንዳትጠቀሚበት።»

ከኋላዋ ማኅቶቶቹ መልመድ ጀምረዋል፤ የትጥቁ ብረት አንድ ላይ ይንኳኳል።

«እትዬ ሊዲያ ጋ ልሂድ» አለች። «ለቅሶ ልድረስ።»

«የደንበኛ ቤት ሆኗል እኮ። ለባሽ እስከሆንሽ ድረስ ራስሽን ሆነሽ እዚያ መግባት አትችዪም።» ወይዘሮ ፍርያት ትንሽ አመነቱ። «አቤቱታ አላቀረቡም። አንድ ጊዜ ብቻ ደውለው፣ ‹ልጄ ነበረች ወይ? አይታኝ ነው ወይ የሄደችው?› ብለው ጠይቀዋል።»

«ምን አላችኋቸው?»

«ማኅቶት ነበረች አልናቸው።»

ልምምዱ ቀጠለ። የእያንዳንዷ መዞር ግድግዳው ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል፤ የማይመስል ሲሆን ደረት ላይ ያለው ቁጥር ቀይ ይሆናል። የሚልካ ቁጥር ደጋግሞ ቀላ።

«ሰባት ቁጥር፣ ትከሻሽ ቀደመ» አሉ ወይዘሮ ፍርያት ከመድረኩ። «ቀረጻውን አስተውዪ። መጀመሪያ ዓይን ነው።»

«ሙቅ ውኃ ማጅራትሽ ላይ የፈሰሰ አድርገሽ አስቢው» አለቻት ስምንት ቁጥር በሹክሹክታ።

«የሞተባትን ሰው ታስብ እንጂ፣ ምን ሙቅ ውኃ ታስተምሪያታለሽ?» አለች የጅማዋ።

«እኔ የጎረቤት ውሻ የበላብኝን ዶሮዬን ነው የማስበው። ይኸው አንድ ቀን ቀልቶብኝ አያውቅም።»

ሳቁ። ሚልካም ሳቀች፤ በገጹ ላይ ሳቁ የማኅቶት ፈገግታ ሆኖ ወጣ። ከዚያ እንደ ሥራ ያዘችው። ጋሽ ሮቤል እንዳስተማሯት እንቅስቃሴውን ቆራርጣ ለየብቻ ለመደችው፤ ዓይንን ብቻ፣ አንገትን ብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ። ስትለምደው ስለ ምንም አታስብም። ቀስ በቀስ ቁጥሩ መቅላት ተወ። ስምንት ቁጥር «አየሽ? ሙቅ ውኃው ነው» አለች። ወይዘሮ ፍርያትም ከመድረኩ አንገታቸውን ነቀነቁላት። ፈተናውን የምታልፍ መሆኗን ሁሉም ያውቅ ነበር።

በፈተናው ቀን ማኅቶቶቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መስኮት አዙረው ቆሙ። ፋኖስ ይዘዋል። ወይዘሮ ፍርያት ደንቡን አነበቡ፤ ስሙ ሲጠራ ትዞራላችሁ፤ ያልዞረች ወይም ያልመሰለች ገጿ ዛሬውኑ ይነሣል። ከዚያ ወረቀቱን አጣጠፉት። ሚልካ እሳቸው ይጠሩናል ብላ ነበር የጠበቀችው።

«ሚልካ!»

የእትዬ ሊዲያ ድምፅ ነው። ከድንኳኑ የተቀዳው። ለቅሶ ያደከመው፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበረው፣ ራሱ። ከአራቱም ግድግዳ መጣ።

መስኮቱ ላይ ሁሉንም አየቻቸው። ዓይኖች ዞሩ፣ አንገቶች ዞሩ፣ ትከሻዎች ዞሩ። ብረቱ አንድ ጊዜ ተንኳኳ። የዲላዋም፣ የጅማዋም፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሐዘን ወደ መድረኩ አዩ። የሚልካ አንገት ጀርባ ላይ ጡንቻው ሲጠብቅ ተሰማት፤ መንገዱን ያውቀዋል። ያዘችው። እግሯን አላነሣችም።

«ሰባት ቁጥር» አሉ ወይዘሮ ፍርያት። «አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«እኔን የጠራኝ የለም።»

ወይዘሮ ፍርያት «ድምፁ ተቆራርጦባት ይሆናል፤ ድገሙላት» አሉ ለሠራተኞቹ። ምንም አልተቆራረጠም፤ ዕድል እየሰጧት ነው። የእትዬ ሊዲያ ድምፅ እንደገና አዳራሹን ሞላ። ሚልካ መስኮቱን እያየች ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ የትጥቋንም የጎን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ስምንት ቁጥር መጥታ የኋላውን ጠፍር ፈታችላት፤ ሰያፉን ስፌት ስታይ እጇ ቆመ። ግድግዳውን አየች፣ እንደገና ስፌቱን አየች።

ወይዘሮ ፍርያት በሩ ድረስ ሸኟት። መነጽራቸውን እጃቸው ላይ ይዘውታል።

«አሁን ምን ልትሠሪ ነው አንቺ ልጅ?»

«አላውቅም።»

«እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም» አሉ፣ መነጽሩን እያጠለቁ።

ገጽ ሲነሣ አያምም። ከሥሩ ያለው ፊት ግን ደንዝዞ ይቆያል፤ ቶሎ የሚለቀው አለ፣ ወራት የሚፈጅበት አለ። ያነሣላት ባለሙያ መስታወት ሰጣት። ያበጠ፣ ነጭ ነጭ ያለ፣ ቅንድብ የሌለው ፊት ነበር። ስትናገር ከንፈሯ ዘግይቶ ይከተላል። ከቢሾፍቱ በአውቶቡስ ስትመለስ ማንም ዞር ብሎ አላያትም፤ አንዲት እናት ብቻ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ድንኳኑ ተነሥቷል። መንገዱ ላይ የካስማዎቹ ጉድጓድ ቀርቷል። ሚልካ በሩን አንኳኳች።

እትዬ ሊዲያ ከፍተው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ማን ልበል?»

«ሚልካ ነኝ።» ቃሉ ከአፏ ተጣሞ ወጣ። «ለቅሶ ልደርስ ነው።»

እትዬ ሊዲያ በሩን አልለቀቁም። ጥቁራቸውን እንደለበሱ ናቸው። ዓይናቸው ወደ ግራ ትከሻዋ ወረደና ተመለሰ።

«ያን ዕለት ዞረሽ አየሽኝ።»

«አየሁዎት።»

«ሄድሽ።»

«ሄድኩ።»

«ሰው ሁሉ እብድ ናት አለኝ። ያንን ታውቂያለሽ? ልጄ ናት ስል እብድ ናት አሉኝ።» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ደግሞ ለቅሶ የሚደርስ ሰው በር ላይ ያለቅሳል። አንቺ ግን እንዲህ ፊትሽን ገትረሽ ታዪኛለሽ።»

«ፊቴ አልነቃም፣ እትዬ። ዛሬ ነው ያነሡልኝ። ደንዝዟል።»

እትዬ ሊዲያ ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወረዱ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን በሁለት ጣት ቆነጠጡ፤ ጠንከር አድርገው፣ የተቆጣ ሰው እንደሚቆነጥጥ።

«ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም።»

ሌላኛውን ቆነጠጡ። «ይሄስ?»

«አይሰማኝም።»

ጉንጯ ላይ ያሉት ጣቶቻቸው ላላ አሉ። ወደ ኋላቸው፣ ወደ ጨለማው ሳሎን አዩ፤ ከዚያ በሩን በትከሻቸው ገፋ አድርገው አሰፉት።

«እንግዲያውስ ግቢና ተቀመጪ» አሉ፤ «እስኪነቃ።»